የዘር ለቃሚው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭና የአገራችን እርሻ

በዚህ ዓመት መጽሔታችን ታሪኩን የምናቀርብላችሁ ሰው ጦር የመራ ወይም በዙፋን የተቀመጠ ሰው አይደለም። የእህል ዘር በከረጢት እየለቀመ አገር ላገር የዞረ፣ ወደ አገራችንም መጥቶ በበቅሎ የተጓዘ የመስኮብ የእርሻ ሊቅ ነው። ስሙ ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ይባላል። (ከዚህ በታች ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዓመቶቹ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።)

በባምቢስና በካዛንችስ አካባቢ ያደግን ተማሪዎች ገበሬ ሲያርስ የምናየው ለበዓል ወይም ለክረምት ዕረፍት ወደ ዘመድ አገር ስንሄድ ነው። ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ከእርሻ ሳይሆን ከገበያ ቤት ነውና ይህ አያስደንቅም። ነገር ግን የእርሻው ክርክር እቤታችን ድረስ ይመጣል። እናቶቻችን ጤፍ ሲገዙ ማዳበሪያ ያልነካው መሆኑን ይጠይቃሉ። አባቶቻችን ደግሞ ያለ ማዳበሪያ ይህ ሁሉ ሕዝብ በምን ሊጠግብ ነው ብለው ይከራከራሉ። በፋብሪካ ማዳበሪያ፣ በተባይ መድኃኒትና በምርጥ ዘር የሚሠራው እርሻ ይሻላል ወይስ በፍግ፣ በብስባሽና ከአባት በተወረሰ ዘር የሚሠራው? የቫቪሎቭን ሕይወት ለዚህ ጥያቄ የመረጥነው ከሁለቱ ወገን ለአንዱ ጠበቃ ስለ ነበረ አይደለም። ሁለቱም ወገኖች የሚቆሙበትን መሠረት፣ ማለት ዘሩን፣ ከሁሉ ቀድሞ ስለ መረመረና በዚሁ ምክንያት ስለ ሞተ ነው።

ቫቪሎቭ በ1887 በኅዳር ወር በሞስኮ ከተማ ተወለደ። አባቱ ኢቫን ከድኻ ገበሬ ቤተ ሰብ ወጥቶ በንግድ የበለጸገ ሰው ነበረ። በአባቱ የትውልድ መንደር አዝመራው በየጊዜው እየተበላሸ ረኃብ ይገባ ስለ ነበረ፣ የረኃብ ታሪክ በዚያ ቤት እንግዳ ወሬ አልነበረም። ከልጆቹ መካከል ታናሹ ሰርጌይ ታላቅ የፊዚክስ ሊቅ ለመሆን በቃ። ኒኮላይ ግን ወደ እርሻ አዘነበለ። በሞስኮ የእርሻ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ገብቶ በ1911 ትምህርቱን ሲጨርስ ለመመረቂያ የጻፈው ድርሰት በሞስኮ አውራጃ ማሳውን ስለሚያጠፉት ቀንድ አውጣ መሰል ተባዮች ነበረ። እንዲህ ያለው ርእስ ለብዙ ተማሪ የሚያስቅ ይመስላል፤ ለገበሬው ግን የእንጀራ ነገር ነው።

በ1913 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ የዘር ውርስ ሳይንስ ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ከሆነው ከዊልያም ቤትሰን ዘንድ ተማረ። በዚያ ጊዜ ልቡን የያዘው ጥያቄ ይህ ነበረ፤ አንዱ ስንዴ በዋግ ተመቶ ሲወድቅ ከአጠገቡ ያለው ሌላ ስንዴ ሳይነካ የሚቆመው ስለ ምንድን ነው? ዋግ የስንዴን አገዳና ቅጠል እንደ ዝገት የሚያለብስ በሽታ ሲሆን፣ በአገራችንም ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት ጠላት ነው። ቫቪሎቭ ልዩ ልዩ የስንዴ ዓይነቶችን ጎን ለጎን እየዘራ መረመረ። መከላከያው ከውጭ የሚረጭ ሳይሆን በዘሩ ውስጥ ተወርሶ የሚተላለፍ መሆኑንም ተረዳ። ራሱን የሚከላከል ዘር ያለው ገበሬ መድኃኒት ለመግዛት አይገደድም። የቀረው የሕይወቱ ሥራ ሁሉ ከዚህ ሐሳብ የመነጨ ነው ለማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1916 ወደ ፋርስና ወደ ፓሚር ተራሮች ተጓዘ። በ1917 በሳራቶቭ ከተማ መምህር ሆኖ፣ በ1920 በስሙ የሚታወቀውን ሕግ ለሊቃውንት ጉባኤ አቀረበ። ሕጉን በአጭሩ ለማስረዳት፣ ዘመዳሞች የሆኑ ተክሎች ልዩነታቸውም ይመሳሰላል ማለት ነው። በአንዱ የስንዴ ወገን ጺም የሌለው ዛላ ከተገኘ፣ በሌላውም ወገን ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። ይህን ነገር ልብ በሉት፤ ወደ አገራችን በመጣ ጊዜ ይጠቅመናል።

በ1921 በፔትሮግራድ (በኋላ ሌኒንግራድ በተባለችው ከተማ) የዕፀዋት ጥናት መሥሪያ ቤት እንዲመራ ተሾመ። በዚያው ዓመት በቮልጋ ወንዝ አካባቢ ታላቅ ረኃብ ገብቶ በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ አለቀ። ገበሬዎቹ ለዘር ያስቀመጡትን ሳይቀር በልተውታል። ቫቪሎቭ ከዚህ መከራ የተማረው የሕዝብ ምግብ በጥቂት የዘር ዓይነት ብቻ መመሥረት እንደማይገባው ነው። ስለዚህ በዓለም ላይ ያሉትን የእህል ዓይነቶች ሁሉ ሰብስቦ በአንድ ጎተራ ለማስቀመጥ ተነሣ። በ1924 ወደ አፍጋኒስታን ዘምቶ ተመለሰ። በ1926 ደግሞ የሰው ልጅ የሚያለማቸው ዕፀዋት ዓይነታቸው እጅግ የሚበዛባቸው ጥቂት ማእከሎች እንዳሉ፣ መነሻቸውም እዚያ እንደ ሆነ የሚገልጽ መጽሐፍ አሳተመ። ከማእከሎቹ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ይህን ሲጽፍ አገራችንን ገና በዓይኑ አላያትም።

ያያት በ1919 ዓመተ ምሕረት በበጋው ነው። በሜዲትራኒያን ዙሪያ ያሉትን አገሮች ሲዞር ቆይቶ ወደ ጂቡቲ መጣ፤ ከዚያም በምድር ባቡር ወደ አዲስ አበባ ደረሰ። በዚያ ዘመን ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በዙፋን ላይ ሳሉ፣ አልጋ ወራሹና እንደራሴው ራስ ተፈሪ መኰንን ነበሩ። ራስ ተፈሪ እንግዳውን ተቀብለው ስለ ሩሲያ ሁኔታ ብዙ ነገር ጠየቁት፤ በአገሩ ውስጥ እንዲዘዋወርም ፈቃድ ሰጡት። ዛሬ ትምህርት ቤታችን ያለበት ሰፈር በዚያን ጊዜ እንዲህ አልነበረም። ካዛንችስ የሚለው ስም ራሱ ከ1936 በኋላ ኢጣልያኖች ለሹማምንቶቻቸው ከሠሯቸው ቤቶች የመጣ ነው። ቫቪሎቭ በደረሰበት ከተማ ሁሉ ከቤተ መንግሥት ይልቅ ገበያ ይወድ ነበር። ከነጋዴና ከገበሬ በእፍኝ በእፍኝ እየገዛ፣ እያንዳንዱን በየከረጢቱ ጨምሮ፣ የተገኘበትን ቦታ ይጽፍበት ነበር።

ከአዲስ አበባ በበቅሎ ጭኖ ተነሣና አንኮበርን አየ፤ ወደ ሰሜን ወጥቶ ዓባይን ተሻገረ፤ ጣናን፣ ጎንደርን፣ አክሱምን አልፎ መንገዱን በአሥመራ ፈጸመ። በሌሊት ከአራት ወይም ከአምስት ሰዓት የበለጠ የማይተኛ ሰው ስለ ነበረ አብረውት የሄዱት ሳይደክሙ አልቀሩም። በመንገድ ላይ ሽፍቶች ቢያገኙት የያዘውን ኮኛክ ጋብዞአቸው፣ እነርሱ በስካር ተኝተው ሳለ ጎሕ ሳይቀድ ጓዙን ጭኖ አመለጠ ተብሎ ይተረካል።

አሁን ያየውን እንመልከት። በሌላ አገር አንድ ማሳ አንድ ዓይነት ስንዴ ይዞ ሲታይ፣ በኢትዮጵያ ደጋ በአንድ ማሳ ውስጥ ነጭ፣ ቀይና ሐምራዊ ፍሬ ያላቸው፣ ረጅምና አጭር፣ ቀድመው የሚደርሱና የሚዘገዩ ስንዴዎች ተቀላቅለው ቆመው አገኘ። ማካሮኒ ከሚሠራበት ከጠንካራው ስንዴ ወገን ጺም የሌለው ዛላ አግኝቶም እጅግ ደስ አለው፤ ሕጉ ይኖራል ያለው እርሱ ነበርና። የገብሱም ዓይነት ከስንዴው አያንስም ነበር። ጤፍ፣ ኑግ፣ እንሰትና ቡና ደግሞ የዚህችው ምድር ልጆች ናቸው። እዚህ ላይ አንድ እርማት ያስፈልጋል። ከእርሱ በኋላ የመጡ ሊቃውንት የስንዴና የገብስ የዱር ወላጆች በመካከለኛው ምሥራቅ መኖራቸውን አስረድተዋል፤ ስለዚህ ኢትዮጵያ ለእነዚህ ሁለቱ የትውልድ አገራቸው ሳትሆን የበዙባትና የተለዋወጡባት አገር ናት። እንዲህ መሆኑ ክብሯን የሚቀንሰው አይመስለኝም። ያበዛቸው ገበሬው ነውና።

የእኛ ገበሬ ዘሩን የሚያደባልቀው ምርጫ ስለማያውቅ አይደለም። ዝናሙ ቢያጥር ቀድሞ የሚደርሰው ይተርፋል፤ ዋግ ቢመጣ የማይነካው ይቆማል፤ ውርጭ ቢወርድ የሚችለው ያፈራል። በትግራይና በኤርትራ ገብስና ስንዴ አንድ ላይ የሚዘሩበት ሐንፈጽ የሚባል ልማድ አለ፤ የዚህም ምክንያት ከአንዱ ቢታጣ ከሌላው እንዲገኝ ነው። ከዚህ ጋር ባቄላን፣ ሽምብራንና ምስርን ከጤፍና ከስንዴ ጋር ማፈራረቅ፣ ለጓሮው ፍግ ማልበስ፣ ማሳ ማሳረፍ የሚባሉት ሁሉ አሉ። ዛሬ በውጭ አገር ኦርጋኒክ እርሻ ተብሎ በታላቅ ዋጋ የሚሸጠው ነገር አብዛኛው ይኸው ነው።

ነገር ግን እውነቱን ለመናገር የአባቶች እርሻ ብቻውን አላጠገበንም። ከ1888 እስከ 1892 በሆነው ክፉ ቀን ከብቱ በበሽታ ሲያልቅ የሚያርስ በሬ ጠፍቶ ስንቱ እንዳለቀ ሽማግሌዎች ሲያወሩት ኖረዋል። ያን ጊዜ በአገሩ አንድ ከረጢት የፋብሪካ ማዳበሪያ አልነበረም። ሕዝቡ እየበዛ ሲሄድ ደግሞ ማሳ የማሳረፉ ልማድ ቀረ፤ ዛፉ ስላለቀ ለመሬቱ የሚገባው ፍግ ኩበት ሆኖ ከምድጃ ገባ። በሬው የሚበላው ገለባ ከማሳው ይወጣል፣ እበቱም በእሳት ያልቃል፤ ለመሬቱ የሚመለስለት ጥቂት ነው። መሬት በየዓመቱ የሚወሰድበት ነገር ካልተተካለት ምርቱ ይቀንሳል። ይህን የሚክድ የፍግ ወዳጅ ቢኖር ሒሳብ አልተማረም።

የፋብሪካው ማዳበሪያ የመጣው ይህን ጉድለት ሊሞላ ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ጀርመኖች ከአየር ላይ ናይትሮጂን ይዘው ማዳበሪያ ማምረት ጀመሩ፤ ዛሬ ከዓለም ሕዝብ ብዙው የሚበላው በዚህ ጥበብ ነው። በአገራችን በ1967 በስዊድን ርዳታ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ካዱ፣ ለአርሲ ገበሬዎች ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር እየሰጠ የስንዴውን ምርት በግልጽ ከፍ አደረገ። ይሁን እንጂ እርሻው ትርፍ ማስገኘቱን ያዩ አንዳንድ ባለ መሬቶች ትራክተር አምጥተው ጭሰኞቻቸውን አባረሩ። ማዳበሪያውንም አገራችን በሙሉ ከውጭ በዶላር ስትገዛ ስለ ኖረች፣ በ2022 የዩክሬን ጦርነት ዋጋውን ሲያንረው ጉዳቱ እዚህ ድረስ ደረሰ። ጦርነቱ የሚካሄደው ቫቪሎቭ በተያዘበት በዩክሬን ምድር መሆኑ ያሳስበኛል። የመያዙን ነገር በኋላ እንመጣበታለን።

ከማዳበሪያው ይልቅ ቫቪሎቭን በቀጥታ የሚነካው የዘሩ ነገር ነው። ኩብሳና ገላማ የተባሉት የስንዴ ዝርያዎች ብዙ ምርት ስለሚሰጡ በሰፊ መሬት ላይ ተዘርተው ነበር። በ2010 ቢጫ ዋግ ተነሣና ሁለቱንም መታቸው። እነርሱን የተካው ዲገሉ የተባለው ዝርያ ደግሞ ከሦስት ዓመት በኋላ በ2013 በባሌና በአርሲ በአገዳ ዋግ ወደቀ። መድኃኒት የሚረጭበት ገንዘብ ያለው ከፊሉን አዳነ፤ የሌለው ማሳውን እያየ አዘነ። በአንድ ዘር ብቻ የተሞላ አገር በሽታው መግቢያውን አንድ ጊዜ ካገኘ በሙሉ ይከፈትለታል። ይህ ማለት ግን ምርጥ ዘር ክፉ ነው ማለት አይደለም። የሚቀጥለውም ምርጥ ዘር ዋግን የሚቋቋምበትን ባሕርይ የሚያገኘው ገበሬው ካቆየው ከአሮጌው ዘር ነው። ለምሳሌ የአሜሪካ የካሊፎርኒያ ገብስ ቢጫ ድንክ በሚባል የቫይረስ በሽታ ሲጠቃ፣ የሚከላከለው ባሕርይ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ውስጥ ነው። ለዚያ ገብስ ያሳደጉት ደገኞች ምን እንደ ተከፈላቸው ተማሪዎች ራሳቸው ይገምቱት።

ወደ ቫቪሎቭ እንመለስ። ከእኛ አገር ከተመለሰ በኋላ በ1929 ወደ ቻይና፣ ወደ ጃፓንና ወደ ኮርያ፣ ቀጥሎም ወደ ሜክሲኮና ወደ ደቡብ አሜሪካ ተጓዘ። በ1929 የሶቪየት የእርሻ ሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆነ። እስከ 1940 ድረስ በሌኒንግራድ ጎተራው ሩብ ሚሊዮን ያህል የዘር ናሙና ተከማችቶ ነበር፤ በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ የሚተካከለው አልነበረም።

ሆኖም ጠላት እየበቀለበት ነበር። ትሮፊም ሊሴንኮ የሚባል የገበሬ ልጅ ዘርን ነክሮና አቀዝቅዞ በመዝራት ምርቱን በአጭር ጊዜ አበዛለሁ እያለ ተነሣ። የሚያሳዝነው በመጀመሪያ ላይ ያበረታታው ራሱ ቫቪሎቭ መሆኑ ነው። በዚያን ጊዜ ስታሊን የገበሬውን መሬት ወደ ማኅበር አዙሮ ረኃብ ገብቶ ስለ ነበረ ፈጣን ተአምር ይፈለግ ነበር። ቫቪሎቭ አንድ ጥሩ ዘር ለማውጣት ብዙ ዓመት እንደሚያስፈልግ ሲናገር፣ ሊሴንኮ ግን በሁለት ወይም በሦስት ዓመት እንደሚፈጽመው ቃል ገባ። የዘር ውርስ ሳይንስንም ካደ፤ የሚቃወሙትንም የሕዝብ ጠላቶች አሰኛቸው። በማሳ ተፈትኖ የሚታወቀው ጉዳይ በስብሰባ ጭብጨባ ተወሰነ። በ1938 ሊሴንኮ የአካዳሚው ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1939 በኤዲንብራ የተሰበሰበው የዓለም የዘር ውርስ ሊቃውንት ጉባኤ ቫቪሎቭን ሊቀ መንበር አድርጎ ቢመርጠውም ከአገሩ እንዲወጣ አልተፈቀደለትም።

በ1940 በነሐሴ መጀመሪያ በምዕራብ ዩክሬን በቸርኖቪትስ አካባቢ ዘር ሲለቅም ውሎ ሲመለስ የመንግሥት ሰዎች መጥተው በመኪና ወሰዱት። ባልደረቦቹ በኋላ ከረጢቱን ሲከፍቱት በዚያ ቀን የለቀመውን ጥንታዊ የስንዴ ዓይነት በውስጡ አገኙ። እርሻውን ሆን ብሎ አበላሽቷል፣ ለውጭ አገርም ሰልሏል ተብሎ በ1941 ሞት ተፈረደበት። በ1942 ፍርዱ ወደ 20 ዓመት እስራት ተለወጠለት። በወጣትነቱ ባስተማረባት በሳራቶቭ ከተማ ታስሮ ሳለ ለእስር ጓደኞቹ ስለ ዘርና ስለ እርሻ ያስተምራቸው ነበር። በ1943 በጥር ወር በ26ኛው ቀን በረኃብ ተጎሳቁሎ በዚያው ወህኒ ቤት ሞተ። ዕድሜው 55 ዓመት ነበረ።

እርሱ ታስሮ ሳለ ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከበበች። ከ1941 መስከረም እስከ 1944 ጥር ድረስ በተደረገው ከበባ ብዙ መቶ ሺህ ሕዝብ በረኃብ አለቀ። የቫቪሎቭ ባልደረቦች መስኮቱ በተሰበረ፣ እሳት በሌለው ቤት ውስጥ እየተፈራረቁ ጎተራውን ከአይጥና ከሌባ ጠበቁ። በዙሪያቸው ሩዝ፣ ስንዴ፣ አጃና ባቄላ በየመደርደሪያው ተቀምጦ ነበር። የሩዙ ክፍል ኀላፊ ዲሚትሪ ኢቫኖቭ ብዙ ሺህ የሩዝ ጥቅል በእጁ እያለ በረኃብ ሞተ። የለውዙ ክፍል ኀላፊ አሌክሳንደር ሽቹኪን በሥራ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ሕይወቱ አለፈ። ከባልደረቦቻቸውም ሌሎች እንዲሁ ሞቱ። ዘሩ ግን አልተበላም። ከአንኮበር፣ ከጎንደርና ከአክሱም የተወሰደውም ዘር የዚያ ጎተራ ሀብት ነበረ።

በ1955 የሶቪየት ፍርድ ቤት የቫቪሎቭን ጥፋተኛነት ሰረዘ። የሌኒንግራዱ ተቋምም በኋላ በስሙ ተጠራ።

በአገራችን ደግሞ በ1976 በጀርመን ርዳታ የዕፀዋት ዘር ማእከል በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይባላል። ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ በ1977 ዓመተ ምሕረት ድርቅ ጊዜ ገበሬው ለዘር ያስቀመጠውን እንዳይበላና ዘሩ ጨርሶ እንዳይጠፋ ከባልደረቦቻቸው ጋር እየዞሩ አሰባሰቡ። የቮልጋው ታሪክ በወሎና በሸዋ እንዳይደገም የደከሙ ሰው ናቸው። ስለዚህም ሥራቸው በ1989 ስዊድን ውስጥ የሚሰጠውን ራይት ላይቭሊሁድ የተባለ ሽልማት ተቀበሉ። ዶክተር መላኩ የማዳበሪያ ጠላት አልነበሩም። ሐሳባቸው የአገሩ ዘር በገበሬው ማሳ ላይ እየተመረጠና እየተሻሻለ ይኑር እንጂ በቀዝቃዛ ክፍል ብቻ ታሽጎ አይቅር የሚል ነበረ።

ስለ ፍጉም ወገን አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባም። ከ1996 ጀምሮ በትግራይ መንደሮች ብስባሽ እየተዘጋጀ በማሳ ተፈትኖ፣ ምርቱ ሲመዘን በብዙ ቦታ ከፋብሪካ ማዳበሪያው እንዳላነሰ ታይቷል። ነገር ግን ብስባሽ ጉድጓድ፣ ውኃ፣ ቅጠልና ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። አንዲት ባል የሌላት እናት በሩቅ ላለው ማሳዋ ይህን ሁሉ ተሸክማ ልታደርስ እንዴት ትችላለች? አንድ ከረጢት ማዳበሪያ ግን አህያ ይጭነዋል፤ ለመግዣው ገንዘብ ከተገኘ ነው እንጂ። በጓሮ ፍግና ብስባሽ፣ በሩቁ ማሳ ጥቂት ማዳበሪያ፣ በመካከሉም ባቄላና ሽምብራ እያፈራረቁ የሚያርሱ ገበሬዎች ብዙ ናቸው። እነርሱ ክርክራችንን ሳይሰሙ በየማሳቸው ለክተው የሚበጀውን ወስነዋል።

ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ በኤጄሬ ገበሬዎች ቫቪሎቭ ያደነቀውን ጠንካራውን ስንዴ በልዩ ልዩ ዓይነቱ የሚያስቀምጡበት የጋራ የዘር ጎተራ አቋቁመዋል። ለመዝራት የሚፈልግ ገበሬ ከጎተራው በብድር ይወስዳል፤ አጭዶና ወቅቶ ሲጨርስም ከነወለዱ አምጥቶ ይሰፍራል።